ሃምሳ ሰዓት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው። ከኋላ የሚሰማችሁ ድብ ድብ ደግሞ ጎረቤቴ ቡና እየወቀጠች ነው። ሲፈላ የምትጠራው እኔን ስለሆነ ምንም ማለት አልችልም።

ሰሞኑን የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ አንድ የተቀዳደደ ፎቶ ኮፒ አገኘሁ። ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ፣ ቁጥር 57/1992። አንቀጽ 49 ላይ በእርሳስ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ጠርዙ ላይ ደግሞ «የግድ!» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ከነቃለ አጋኖው። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ቃለ አጋኖ አትሰስትም።

አንቀጹ የሚለው እንዲህ ነው። ማንኛውም ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሕግ አገልግሎት መስጠት አለበት። ለማን? መክፈል ለማይችል ሰው፣ ለበጎ አድራጎትና ለሕዝብ ተቋማት፣ ፍርድ ቤት አገልግሎት እንዲሰጠው ለጠየቀለት ሰው። ሕጉና የፍትሕ ሥርዓቱ እንዲሻሻል ለሚሠሩ ኮሚቴዎችም ጭምር። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 50 ሰዓት ለ52 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። እኔ ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከዚህ የበለጠ ጊዜ አጠፋለሁ።

ታዲያ አንቺስ ባለፈው ዓመት ስንት ሰዓት ሰጠሽ? ብትሉኝ፣ በሐቅ ልንገራችሁ። አራት። እሱም የአክስቴ ልጅ የሱቅ ኪራይ ውል ነው። ዘመድ ደግሞ አይቆጠርም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ሥራዬ ውል ማርቀቅ ነው። የአክሲዮን ሽያጭ፣ የብድር ውል፣ የሥራ ውል። ንፁህ ሥራ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ደጅ የረገጥኩት መቼ እንደነበር ትዝ አይለኝም። ታክሲ ውስጥ ጠበቃ ነኝ ስል ሰው «አይ እናንተ! ነጩን ጥቁር የምታደርጉ» ይለኛል። እኔ እኮ ነጩንም ጥቁሩንም አላይም፤ የማየው ኮማና አንቀጽ ነው።

ግን ወደዚህ ሙያ የገባሁት ለኮማ አልነበረም።

አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አክስቴ ከባሏ ተለያየች። አብረው የሠሩት ጭቃ ቤት ነበራቸው፣ ሁለት ክፍል ከነማድ ቤቱ። ቤቱ በሱ ስም ነው። ሰውየው አንድ ቀን ተነሥቶ ቤቱ የኔ ነው፣ ውጪ አላት። መጀመሪያ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጡ፣ ዳቦ በሉ፣ «ቻይው» ብለዋት ሄዱ። ከዚያ ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ሄደች። ከፍላ አስጻፈች። የተጻፈላትን እኔ አነበብኩላት። «ተከሳሽ በሕገ ወጥ መንገድ በመንቀሳቀስ የከሳሽን መብትና ጥቅም በመጋፋት…» እያለ ይቀጥላል። አክስቴ ሰምታ ሰምታ «ይሄ ስለ ማን ነው?» አለችኝ።

በኋላ አንድ ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ጠቆማት። እኔን ይዛ ሄደች፤ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ሴቶች ጥቅጥቅ ብለው ተቀምጠዋል። አንዷ ልጇን ታጠባለች። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ተራችን ሲደርስ የገባንባት ጠበቃ ወጣት ነበረች፣ ምናልባት ያኔ ከአሁኗ እኔ የምታንስ። የራፖር ጸሐፊውን ወረቀት አየት አድርጋ ወደ ጎን አስቀመጠችው። አልቀደደችውም፣ አላንቋሸሸችውም። «እስቲ እትዬ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች።

አክስቴ ከመጀመሪያው ስትሉ ከመጀመሪያው ነው። ከሠርጓ ጀመረች። ጠበቃዋ አላቋረጠቻትም። አልፎ አልፎ ብቻ «ያኔ ስንት ዓመቱ ነው?» «ማን አየ?» ትላለች፤ ትጽፋለች። ሲያልቅ የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችላት። ከዚያ ብዕሯን ሳታስቀምጥ፣

«የቀረ ነገር አለ?» አለቻት።

አክስቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ድንጋዩ» አለች።

«የምን ድንጋይ?»

«የመሠረቱ። ከወንዝ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እሱ ሥራ ይውላል፤ እኔ በጀርባዬ። ሁለት ወር። ሰፈሩ ያውቃል።»

ጠበቃዋ ጻፈችው። እንዳለ። ለመሠረቱ የሚሆነውን ድንጋይ ከሳሽ ሁለት ወር ሙሉ በጀርባዋ ተሸክማ እንዳመጣች፣ ይህንንም የሚያስረዱ ጎረቤቶች እንዳሏት። ክሱን በድሃ ደንብ ነው የከፈቱት። ማለት የዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ሰው፣ አለመኖሩን አስመስክሮ ሳይከፍል የሚከስበት መንገድ ነው። ነገሩ ሦስት ዓመት ፈጀ። ቀጠሮ፣ መጥሪያ፣ ቀጠሮ፣ ዳኛ ተቀይሯል፣ ቀጠሮ። በመጨረሻ ግማሹ ተወሰነላት። አክስቴ ግን ስለ ግማሹ ብዙም አታወራም ነበር። የምታወራው ችሎት ላይ ዳኛው «ስለ ድንጋዩ የምታውቀውን ተናገር» ብለው ምስክር የጠየቁ ቀን ነው። «ድንጋዬን ዳኛ ጠራው» ትል ነበር።

እና እኔ ሕግ የተማርኩት ለዚያ ድንጋይ ነው። ቢያንስ መግቢያ ፈተናውን ስወስድ እንደዚያ ነበር የማስበው።

እሺ። ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግኩት ግን ስለ አንድ የታወቁ ሰው ነው። ስለ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለው ነው የሚስበኝ። የአንዳንዱን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እሱን እነግራችኋለሁ፣ ያላልኩት በኛ ነው፤ እንዳትደናገሩ።

ትውልዳቸው አሶሳ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1964። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1986 ተመረቁ። ከዚያ በደርግ ማብቂያ አካባቢ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ዳኛ ሆኑ። እስቲ አስቡት፤ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለች ሴት፣ ወንጀል ችሎት፣ በዚያ ዘመን። መንግሥት ሲለወጥ ለሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠሩ። በዚህ በኩል ቢቀጥሉ ኖሮ ወንበሩ ነበረ፣ መኪናውም ይመጣል። እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ፤ መሪም ሆኑ። ሥራው ምን ነበር? ያ አግዳሚ ወንበር ነው። የተደበደበች ትመጣለች፣ ከቤት የተባረረች ትመጣለች፣ የልጅ ቀለብ የተከለከለች ትመጣለች። በነፃ ምክር ይሰጣል፣ ክስ ይጻፋል፣ ችሎት ይቆማል።

ጠበቃ የሚለው ቃል ይገርመኛል። መጠበቅ በአማርኛ ሁለት ነው። ከአደጋ መጠበቅ አለ፤ ተራ መጠበቅም አለ። ፊልም ላይ የምናየው የመጀመሪያውን ነው። እውነተኛ ጠበቃ ግን ዕድሜውን የሚያጠፋው በሁለተኛው ነው። መዝገብ ቤት በር ላይ፣ ችሎት ኮሪደር ላይ፣ ፖሊስ ጣቢያ «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ሲባል። ለአንዲት ምስኪን ሴት ብሎ ይሄን ሁሉ ሳይከፈለው የሚጠብቅ ሰው ለኔ ግርም ይለኛል። ንግግር አዋቂ ጠበቃ ሞልቷል።

ማኅበሩ በተመሠረተ በዓመቱ ነው የአበራሽ በቀለ ነገር የመጣው። በ1996፣ በፈረንጅ፣ አርሲ፣ ቀርሳ። የ14 ዓመት ተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጎጆ ውስጥ ቆለፉባት። ሰውየው ደበደባት፣ ደፈራት። በኋላ እዚያው የነበረ ጠመንጃ አግኝታ አመለጠች። ደረሱባት። መጀመሪያ ወደ ላይ ተኮሰች። አልተመለሱም። ከዚያ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው።

አሁን ይሄን ስትሰሙ «ታዲያ ራሷን ተከላከለች እኮ» ትላላችሁ። ያኔ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጠለፋ ለብዙ ሰው ባህል ነው፤ ወግ ነው። ሰውየው «ሊያገባት» ነው የጠለፋት፤ ስለዚህ በሰፈሩ ዓይን ሟቹ ሙሽራ ነው፣ እሷ ነፍሰ ገዳይ። የሚያሳዝነው ሕጉም ከሰፈሩ ብዙ አይርቅም ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ይላል። ቅጣቱ ግን ቢበዛ 3 ዓመት ነው። ያውም ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ ይቀራል። ደግማችሁ ስሙኝ። ካገባት ይቀራል። ሕጉ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ «በቃ አግባትና ይብቃ» ይላል ማለት ነው።

የማኅበሩ ጠበቆች ከአዲስ አበባ ሄደው ቆሙላት። መከራከሪያቸው አጭር ነበር። ሕጋዊ መከላከል። ሕይወቷንና አካሏን ለማዳን ነው የተኮሰችው። ለጠለፋ ተብሎ የተለየ ነገር አልፈለጉም፤ ለማንም ወንድ የሚሠራው አንቀጽ ለዚች ልጅ ይሥራ ነው ያሉት። እኔ እዚህ ላይ ነው የሙያው ጌጥ የሚታየኝ። ጩኸት የለውም። ነገሩ ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ። ፍርድ ቤቱ ነፃ አወጣት።

እዚህ ጋ ታሪኩን ማቆም ደስ ይል ነበር። ጭብጨባ፣ ሙዚቃ። ግን አበራሽ ፍርድ ቤት ነፃ ቢላትም መንደሯ ተመልሳ መኖር አልቻለችም። የሽማግሌ ፍርድና የመንግሥት ፍርድ ለየብቻ ናቸው። ልጅቷ ከቤተሰቧ ርቃ ነው ያደገችው።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ በታሪኩ ላይ ፊልም ተሠራ። ውጭ አገር ተሸለመ፤ ተወራለት። በ2014፣ እነሱ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እገዳ ቆመ። አበራሽ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ ነበር። በኋላ ነገሩ ተፈትቶ ፊልሙ ታየ። እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ ገብቼ ለመፍረድ አይደለም። ግን አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ። ጥሩ ጠበቃ ሲነሳ ሁላችንም የጠበቃዋን ስም እናውቃለን። የተከላከለችላትን ልጅ «ያቺ የተጠለፈችው» እንላታለን። እኔም ራሴ ይሄን ክፍል ሳዘጋጅ መጀመሪያ ማስታወሻዬ ላይ «የጠለፋው ኬዝ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሰርዤ ስሟን ጻፍኩ። የአክስቴ ጠበቃ «የቀረ ነገር አለ?» ብላ የጠየቀችው ለዚህ ይመስለኛል። ታሪኩ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

እሺ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ሕጉ እንዲሻሻል መሥራትም ነፃ አገልግሎት ነው የሚለውን። የማኅበሩ ትልቁ ነገር ለኔ እሱ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ የሚመጣው ታሪክ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ዛሬ አንዷን ብትረዳ ነገ አሥር ትመጣለች። እነሱ መዝገቦቹን ሰበሰቡ፣ ጽሑፍ ጻፉ፣ ሕግ አውጪው ዘንድ ሄዱ፣ ወተወቱ። ያኔ ይሠራ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በሱ መሠረት ሴት ልጅ 15 ሲሞላት ትዳራለች። የቤቱ ራስ ባል ነው፤ ይሄ ወግ ሳይሆን በአንቀጽ የተጻፈ ነው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሲወጣ ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ። የባል ራስነትም ቀረ። አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን እያወጡ ነው የተከተሉት። ቀጥሎ የ1996ቱ፣ በኛ አቆጣጠር፣ የወንጀል ሕግ መጣ። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት። ማግባት ከክስ አያድንም ተባለ።

ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ብቻውን አደረገው አልልም። ብዙ እጅ አለበት። ግን እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ አዲሱን ሕግ ስማር፣ መምህራችን የድሮውን አንቀጽ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ይቺን መስመር ለማውጣት ስንት ሰው እንደለመነ አታውቁም» አሉን። ክፍሉ ውስጥ አንድ ልጅ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ እስካሁን አይገባኝም።

መቼም እንዲህ ያለ ሥራ በሰላም አይሠራም። በ1993 ማብቂያ አካባቢ ማኅበሩ አንዲት በተደጋጋሚ ጥቃት የደረሰባት ሴት ጉዳይ በፍትሕ አካላት የተያዘበትን መንገድ በአደባባይ ተቸ። ፍትሕ ሚኒስቴር አገደው። ሂሳቡ ታሸገ። ለሳምንታት ያ አግዳሚ ወንበር ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ከዚያ እገዳው ተነሳ። በ2001 ደግሞ የበጎ አድራጎትና የማኅበራት አዋጅ መጣ፤ ቁጥር 621። በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ማግኘት አይችልም አለ። እዚህ አገር ለነፃ ጠበቃ ገንዘብ የሚያዋጣ ማን አለ? ለዕድር እናዋጣለን፣ ለሠርግ እናዋጣለን። ለማናውቃት ሴት ክስ ግን አንድ ብር አንሰጥም። እኔንም ጨምሮ። ማኅበሩ አብዛኛውን ሠራተኛውን አሰናበተ። በበጎ ፈቃደኞች እየተንገዳገደ ቆየ። አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፣ በ2011።

ወይዘሮ መዓዛ በዚያ ጊዜ ማኅበሩን ለሌሎች አስረክበው ነበር። በ2003፣ በፈረንጅ፣ የሀንገር ፕሮጀክትን የአፍሪካ ሽልማት ከዛምቢያዋ ሣራ ሎንግዌ ጋር ወስደዋል። በኋላ እናት ባንክን ከመሠረቱት ጋር ነበሩ፤ የቦርዱም ሰብሳቢ ሆነዋል። ይሄን መጀመሪያ ስሰማ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ከፍርድ ቤት ወደ ባንክ ምን ወሰዳቸው? ቆይቼ ገባኝ። አክስቴ ቤቱ በስሟ ቢሆን ኖሮ ጠበቃ አያስፈልጋትም ነበር።

ከዚያ ጥቅምት 22 ቀን 2011 መጣ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ የመጀመሪያዋ ሴት። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። ከሳምንት በፊት አምባሳደር ሣህለወርቅ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ነው። የኛ ጽዳት ሠራተኛ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው «አፈ ንጉሡ ሴት ሆነች በሉኛ!» አሉ። እልልታቸው ኮሪደሩን ሞላው። አፈ ንጉሥ ድሮ ትልቁ ዳኛ ነው፤ የንጉሥ አፍ። እሳቸው ዘንድ የድሮው ስም ገና ሕያው ነው።

በሥልጣናቸው ዘመን ምን ሠሩ ከተባለ፣ ስለ ዳኞች አስተዳደርና ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሁለት አዋጆች ወጡ፤ 1233 እና 1234። ሰው ከመሟገቱ በፊት ፍርድ ቤት ውስጥ በአስማሚ በኩል እንዲነጋገር መንገድ ተከፈተ። ጥሩ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ቀጠሮ አሁንም ቀጠሮ ነው። ባለጉዳይ አሁንም ልደታ በር ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ፍርድ ቤት ያዘዘውን ሁሉም ሰው እኩል ይፈጽማል ብዬ አልምልላችሁም። በጥር 2015 በራሳቸው ጥያቄ ለቀቁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ከውጭ ሆኖ መጮህ ይቀላል፤ ወንበሩ ላይ ሲወጡ ዝም አሉ» ይላሉ። ሌሎቹ «ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?» ይላሉ። እኔ ሁለቱም ጋ አልሆንኩም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዳኛ ነበሩ፤ ተዉት። ጠበቃ ሆኑ፤ ለሌላ አስረከቡት። ትልቁን ወንበር ያዙ፤ እሱንም ለቀቁት። እዚህ አገር ወንበር ሲያዝ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። መርህ ያለው ሰው የሚባለው ስለማይታጠፍ ነው ይላሉ። እኔ ግን ተነሥቶ መሄድ መቻሉም ይመስለኛል።

አያቴ መንገድ ላይ ጠብ ስታይ «በሕግ አምላክ!» ትል ነበር። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ልጅ ሆኜ ወንዝ ዳር ሄጄ ሞክሬዋለሁ። አልቆመም። እናቴ ደግሞ ልብሴን አርጥቤ ስለመጣሁ ገረፈችኝ።

በነገራችን ላይ፣ በ1992ቱ የጠበቆች አዋጅ ውስጥ ልዩ የጥብቅና ፈቃድ የሚባል ነበረ። ለኅብረተሰቡ ጥቅምና መብት ያለ ምንም ክፍያ ልከራከር ለሚል ሰው ነበር የሚሰጠው። ተማሪ ሳለን ይሄን ሰምተን ሁላችንም «እኔ እሱን ነው የማወጣው» ብለን ነበር። ካፌ ቁጭ ብለን፣ ማኪያቶ ለአራት ተካፍለን። ከመካከላችን ማን እንዳወጣው ልንገራችሁ? ማንም።

እኔም አላወጣሁም። ግን ያን ፎቶ ኮፒ ካገኘሁ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል፣ ነፃ አድርጌያለሁ። አንዲት የክፍሌ ልጅ የነበረች ባለጉዳይ ትልክልኛለች። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ቀን ራሱ የአቤቱታ አጻጻፍ ረስቼ ስልክ ደውዬ ነው የጠየቅኳት። የውል ሰው ነኛ፤ እጄ «ተዋዋይ ወገኖች» ብሎ ይጀምራል።

ባለፈው ሐሙስ የመጣችው ሴት ቢጫ ፌስታል ይዛ ነው። ፌስታሉ ውስጥ የልጁ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የውሃ ቢል፣ አንድ የደበዘዘ ፎቶ። የቀለብ ጉዳይ ነው። ከመሃል ጀመረች፤ ወደ ኋላ ሄደች፤ አለቀሰች፤ እንደገና ከመሃል። አንድ ጊዜ ሰዓቴን አየሁ። አይታኛለች። በጣም አፈርኩ። ሰዓቱን ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ለሷ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ነው።

ጽፌ ስጨርስ አነበብኩላት። ከዚያ ሳላስበው አፌ «የቀረ ነገር አለ?» አለ። ራሴ ነኝ የደነገጥኩት። ሴትየዋ «የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ፌስታሏን ሰብስባ ወጣች። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። ቦርሳዬን አነሣሁ።

በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። አልገባችም፤ በሩን ግማሽ ከፍታ ቆመች።

«አንድ ያልነገርኩሽ ነገር ነበረ» አለችኝ።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ኮምፒውተሩን መልሼ አበራሁት። ያ አሮጌ ነገር ደግሞ ሲከፈት ዕድሜ ይፈጃል። እሷ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ እኔም እጠብቃለሁ።

ቀጠሯችን ለኅዳር 18 ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ልደታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ዓመት በኋላ የጥብቅና ካባዬን ከቁም ሣጥን አወጣሁት፤ ብል በልቶታል። ሰፊ ጋ ልኬዋለሁ።

ቆይ… እየጠራችኝ ነው። መጣሁ! አቦል እንዳያመልጠኝ። በሉ ቻው።